ቤልቱ የተቆረጠ መኪና አይገፋም

በዚህ ዓምድ ዘወትር የምንጨዋወተው ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጤናና ስለ ቤት ወጪ አያያዝ መሆኑ የታወቀ ነው። የዛሬው ርዕሳችን ግን የመኪና ሞተር ነው። «ምነው፣ የመካኒኮቹን እንጀራ ልትሻሙ ነው እንዴ?» የሚለን ቢኖር፣ አስቀድሞ ከቦንጋ የደረሰንን ደብዳቤ እንዲያነብልን እንጠይቃለን። ጸሐፊዋ ስማቸው እንዳይገለጽ ስለጠየቁ አንጠቅሰውም። ደብዳቤው ረዘም ያለ ስለሆነም ጥቂት አሳጥረነዋል።

«እኔ በቦንጋ ከተማ በመምህርነት የምሠራ የ3 ልጆች እናት ነኝ። ከባለቤቴ ጋር ለ6 ዓመት እቁብ ስንጥል ቆይተን፣ የጎደለውን ከዘመድ ተበድረን አንድ ያገለገለ ዶልፊን ሚኒባስ ከአዲስ አበባ ገዛን። ባለቤቴ ራሱ እየነዳ ከቦንጋ ጅማ ሰው ያመላልሳል። በእኔ ደመወዝ የቤት ኪራይና አስቤዛ፣ በመኪናው ገቢ ደግሞ የልጆቹን ትምህርትና ዕዳችንን እንሸፍን ነበር። የሸጠልን ሰው ‹የታይሚንግ ቤልቱን አሁን ነው ያስቀየርኩት፤ 3 ዓመት አትነኩትም› ብሎን ስለነበር በዚያ በኩል ሐሳብ አልነበረንም።

«መኪናውን ከገዛን 2 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በሐምሌ ወር፣ ባለቤቴ ከጅማ ሲመለስ የጎጀብን ድልድይ ተሻግሮ ዳገቱን እንደ ያዘ ሞተሩ ድርግም ብሎ ጠፋ። ሳል የለ፣ ጭስ የለ። ዝናቡ ይወርዳል፤ ጭጋጉ ሰው አያሳይም። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ቀኗ የደረሰ ነፍሰ ጡር ነበረችና ሁሉም ተጨነቀ። ‹እንግፋው፣ ይነሳል› ተባለ። ወንዶቹ ወርደው መኪናውን ወደ ቁልቁለቱ አዙረው ገፉት። ባለቤቴ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ሲለቅ ‹ቀጭ ቀጭ ቀጭ› ብሎ ቆመ። ሦስት ጊዜ ሞከሩት። በኋላ ሴትየዋን አንድ የጭነት መኪና ቦንጋ አደረሳት፤ በሰላም መገላገሏንም ሰምተናል።

«አሁን መኪናው ጋራዥ ከቆመ ወር አለፈው። አንዱ መካኒክ ‹ቴስታታው ይውረድና ይታይ› ሲል፣ ሌላው ‹ይህ ሞተር አልቆለታል፤ ሌላ ግዙ› ይላል። ባለቤቴ ተስፋ ቆርጦ ባለበት ልሽጠው ይላል። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን አንድ ነገር ነው። ይህ ከመድረሱ 2 ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ አንድ እሑድ ከልጆቹ ጋር ተሳፍሬ ሳለ ከመሪው ፊት ለፊት አንዲት መብራት በርታ አየሁ። ‹ምንድን ናት?› ብለው፣ ‹ተያት፤ ዝም ብላ ነው የምትበራው› አለኝ። እኔም የወንድ ጉዳይ ነው ብዬ ተውኩት። በሌላ ጊዜ ስሳፈር መብራቷ የለችም፤ ለካ ረዳቱ አምፖሏን ነቅሏታል። የጣት ውፍረት የሌለው ላስቲክ የ6 ዓመት ላባችንን እንዴት ይበላል? ጥፋቱስ የማን ነው? አሁን ምን እናድርግ?»

እኅታችን፤ በቅድሚያ ነፍሰ ጡሯ በሰላም በመገላገሏ ደስ ብሎናል። ጥያቄዎችዎን በቅደም ተከተል አንመልስም፤ ላስቲኩ ምን እንደሚሠራ ሳንነጋገር ስለ ጥፋቱ ብንናገር ፍርዱ ይዛባብናልና።

ወፍጮ ቤት ሄዳ የሚሽከረከረውን ቺንጋ ያላየች እናት የለችም። የወፍጮ ቺንጋ ቢቆረጥ ድንጋዩ ይቆማል፤ ወፍጮኛው ሌላ ቺንጋ ያጠልቃል፤ እህሉ ይቀጥላል። የመኪናም የቬንትሌተር ቺንጋ እንዲሁ ነው። በእነዚህ ስለለመድን የታይሚንግ ቤልትም ያው ላስቲክ ይመስለናል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የወፍጮ ቺንጋ ኃይል ያስተላልፋል እንጂ ጊዜ አይጠብቅም፤ የታይሚንግ ቤልት ዋና ሥራው ግን ጊዜ መጠበቅ ነው። ለዚህም ነው እንዳይንሸራተት በውስጥ በኩል ጥርስ የተሠራለት።

ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ሲወቅጡ አስቡ። የአንዷ ዘነዘና ሲወርድ የሌላዋ ይወጣል። ሙቀጫው ጠባብ ቢሆንም ተራ ስለሚጠባበቁ ዘነዘናዎቹ አይጋጩም። ከሁለቱ አንዷ ተራዋን የሳተች ዕለት ግን ወይ ዘነዘና ይሰበራል፣ ወይ እጅ ይጎዳል። በሞተር ውስጥም ፒስቶኑ ከታች ወደ ላይ ይመጣል፤ ቫልቮቹ ደግሞ አየር ለማስገባትና ጭስ ለማስወጣት ከላይ ወደ ታች ይከፈታሉ። ሁለቱ የሚገናኙባት ቦታ አንድ ናት። ከታች ያለው ፒስቶኖቹን የሚያመላልሰው ዘንግ 2 ጊዜ ሲዞር፣ ከላይ ያለው ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ 1 ጊዜ መዞር አለበት። ይህን ልክ ጠብቆ ሁለቱን ዘንጎች የሚያያይዘው ቤልቱ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ በሚዞርበት ፍጥነት እያንዳንዱ ቫልቭ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 25 ጊዜ ይከፈታል፤ ይዘጋልም። እንግዲህ ቤልቱ በዚህ መካከል ሲበጠስ የላይኛው ዘንግ ወዲያው ይቆምና የተከፈቱት ቫልቮች እንደ ተከፈቱ ይቀራሉ። ፒስቶኑ ግን መኪናው በያዘው ግፊት ገና ይመላለሳል፤ መጥቶም ቫልቮቹን ይመታቸዋል።

ይህ በሁሉም መኪና ላይ አይደርስም። በአንዳንድ የቤንዚን ሞተሮች ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ቢከፈት እንኳ ፒስቶኑ የማይደርስበት ቦታ ተትቶለታል። ለምሳሌ በብዙ ኮሮላዎች ላይ የሚገኘው 4ኤ-ኤፍኢ የተባለው ሞተር ከዚህ ወገን ነው፤ ቤልቱ ቢበጠስ መኪናው ይቆማል እንጂ ቫልቭ አይታጠፍም። የናፍጣ ሞተር ግን የተለየ ነው። ናፍጣ የሚነደው በካንዴላ እሳት ሳይሆን አየሩ እጅግ ሲታመቅ በሚፈጠረው ሙቀት ነው። አየሩን አጥብቆ ለማመቅ ደግሞ ፒስቶኑ እስከ ቴስታታው ድረስ ተጠግቶ መውጣት አለበት፤ በመካከላቸው የሚቀረው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ቫልቭ ተከፍቶ ከቆየ መጋጨቱ የማይቀር ነው። ዶልፊንም፣ አባዱላም፣ በየወረዳው ታማሚና ወላድ የሚያመላልሱት የናፍጣ ላንድ ክሩዘር አምቡላንሶችም ቤልት ያላቸው የናፍጣ ሞተሮች ናቸው።

አሁን ወደ መግፋቱ እንምጣ። ገፍቶ ማስነሳት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። የዚህ ዓምድ አዘጋጅም ተማሪ በነበረችበት ዘመን በአዲስ አበባ ዳገት ላይ ስንት ጊዜ ላዳ ታክሲ ገፍታለች፤ ላዳውም ይነሳ ነበር። ያን ጊዜ የብዙዎቹ መኪኖች ችግር የባትሪ መድከም ነበር። ቮልስዋገን ሁለቱን ዘንጎች የሚያገናኘው በጥርስ ነበር፤ አብዛኛው ላዳ ደግሞ በሰንሰለት። የላስቲክ ቤልት በብዛት ለሚመረት መኪና መጀመሪያ የተሠራው በጀርመን አገር ግላስ በተባለ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1962 ገደማ ሲሆን፣ ቀላል፣ ርካሽና ድምፅ የሌለው በመሆኑ ሌሎች ፋብሪካዎችም ተከተሉት። የመኪናው ሥሪት ሲለወጥ የእኛ የመግፋት ልማድ ግን እንደ ነበረ ቀረ። ጎጀብ ዳገት ላይ የወረዱት ተሳፋሪዎች በጎ አድራጊዎች ነበሩ፤ ሲገፉት የነበረው ግን ተራውን የሳተ ዘነዘና ነው።

ሌላም ነገር አለ። በዶልፊን የናፍጣ ሞተሮች ላይ የናፍጣ ፖምፓውንም የሚያዞረው ይኸው ቤልት ነው። ቤልቱ ሲበጠስ ናፍጣውም ይቋረጣል። ሞተሩ ያለ ሳልና ያለ ጭስ ድርግም ያለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ያ መኪና ከጎጀብ እስከ ቦንጋ ቢገፋም ሊነሳ አይችልም ነበር። እያንዳንዷ ግፊት ግን ፒስቶኑን እያመጣች ከቫልቭ ጋር ታጋጨዋለች። «ቀጭ ቀጭ» ያለው ድምፅ ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

እውነቱን ለመናገር፣ ጉዳቱ ሁሉ በመግፋት የመጣ ነው ለማለት አይቻልም። መኪናው እየሄደ ቤልት ሲበጠስ አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው በዚያችው ቅጽበት ነው። ነገር ግን ሁለት ቫልቭ ታጥፎ የነበረውን አራት ሊያደርገው፣ የታጠፈውንም ሊሰብረው ይችላል። የተሰበረ የቫልቭ ራስ ሲሊንደር ውስጥ ከወደቀ ደግሞ ፒስቶኑን ይበሳል፤ ግድግዳውንም ይቧጥጣል። የቴስታታ ሥራ የነበረው የሙሉ ሞተር ሥራ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ በመንገድ ላይ ሞተሩ በድንገት ቢጠፋ ምን ይደረጋል? ይህን የምንለው ለሾፌሮች ብቻ አይደለም፤ ተሳፋሪዋም እናት ልታውቀው ይገባል። ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑ ለሁለት ሦስት ጊዜ ያህል እንደ ወትሮው ይታዘዛል፤ ከዚያ በኋላ ይጠጥራል፤ በኃይል ሲረግጡት ግን ይይዛል። መሪውም ይከብዳል እንጂ ይዞራል፤ ቁልፉን ግን ፈጽሞ መንቀል አይገባም፤ መሪው ይቆለፋልና። መኪናው ጥግ ይዞ ከቆመ በኋላ የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ ዳገት ከሆነ ከጎማዎቹ በስተኋላ፣ ቁልቁለት ከሆነ በስተፊት ድንጋይ ይደረጋል። ቤልት ተበጥሷል ተብሎ ከተጠረጠረ ማርሹ ዜሮ ላይ ቢሆን ለሞተሩ ይሻላል፤ የእጅ ፍሬኑ የማያስተማምን ከሆነ ግን ማርሽ ይግባ። ከሰው ሕይወት በፊት ስለ ቫልቭ የሚታሰብ የለም። ልጆችና አቅመ ደካሞች ወርደው ከአስፋልቱ ራቅ ብለው ይቁሙ፤ ከመኪናው ኋላ ግን ማንም አይቁም። ለማስጠንቀቂያ በመንገዱ ላይ ቅጠልና ድንጋይ የሚያስቀምጡ ሰዎች፣ እባካችሁን ስትሄዱ ድንጋዩን አንሡት። በክረምት ጭጋግ ውስጥ በጎጀብ መንገድ የሚመጣ ሌላ ሾፌር ያን ድንጋይ የሚያየው ከደረሰበት በኋላ ነው።

ሞተር ያለ ድምፅ የሚጠፋው በቤልት ብቻ አይደለም። ናፍጣ ሲያልቅ ወይም ወደ ፖምፓው የሚሄደው የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲላቀቅም እንዲሁ ይሆናል። ስለዚህ ሾፌሩ ቁልፍ ደጋግሞ ከመምታቱ በፊት የቤልቱን ክዳን ቡሎን ፈትቶ በዓይኑ ቢያይ መልካም ነው። ሳያውቅ አንድ ጊዜ ቁልፍ ቢመታና ሞተሪኖው ከወትሮው ቀልሎና ፈጥኖ፣ ያለ ምት «ዝዝዝ» ብሎ ቢዞር፣ ይህ ራሱ የቤልት መበጠስ ምልክት ነውና ሁለተኛ አይምታ። ከዚያ በኋላ ያለው አንድ መንገድ ነው፤ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ ቁልፉ ሳይነቀል በገመድ ወይም በመጎተቻ ብረት ወደ ጋራዥ ማስጎተት። ተሳፋሪዎቹም መኪናውን ከመግፋት ይልቅ መጀመሪያ የሚያልፈውን ተሽከርካሪ አስቁመው ነፍሰ ጡሯንና ታማሚውን ቢያሳፍሩ ይሻላል። እዚያ ዳገት ላይ ሦስት ጊዜ ሲገፋ የጠፋው ጊዜ ከቫልቮቹ ይበልጥ የሚያሳስበን በእርሷ ምክንያት ነው።

አሁን ጋራዥ የቆመውን መኪና በተመለከተ እንነጋገር። ከሁለቱ መካኒኮች እኛ የምንደግፈው ቴስታታው ይውረድ ያለውን ነው። ሌላው ተሳስቷል ማለታችን አይደለም፤ ምናልባት እርሱ ያለው ሆኖ ይገኝ ይሆናል። ነገር ግን ሳያይ ነው የፈረደው። ከሁሉ አስቀድሞ «አዲስ ቤልት እንሰርና አስነስተን እንሞክረው» የሚል ቢመጣ እሺ እንዳትሉ። በናፍጣ ሞተር ላይ እንዲህ ያለው ሙከራ የቀረውንም ያጠፋል። ጠንቃቃ መካኒክ የዘንጎቹን ምልክት አስተካክሎ፣ ቤልት አስሮ፣ ሞተሩን በቁልፍ በእጁ ቀስ እያለ ሁለት ሙሉ ዙር ያዞረዋል፤ የሚነካካ ነገር ካለ እጁ ላይ ያውቀዋል። ከዚያ የ4ቱን ሲሊንደሮች ኮምፕሬሽን ይለካል። ኮምፕሬሽን የሌለው ሲሊንደር ቫልቩ ታጥፏል ማለት ነው። በእናንተ መኪና ግን ያ ሁሉ «ቀጭ ቀጭ» ስለተሰማ፣ ወደ ቴስታታው በቀጥታ መሄድ ይሻላል ብለን እናምናለን።

ቴስታታው በሚወርድበት ቀን ከሁለታችሁ አንዳችሁ ጋራዥ ተገኙ። እርስዎ ቢሄዱ ደግሞ የበለጠ ደስ ይለናል። ይህ ዓይነቱ ሞተር ቫልቮቹ 8 ናቸው፤ ስንቱ እንደ ታጠፈ ቆጥረው ይወቁ። ከዚያ የፒስቶኖቹን አናት ይመልከቱ። ቫልቩ የነካበት ትንሽ ምልክት ብቻ ከሆነ ብዙ አያሳስብም፤ ስንጥቅ ወይም ቀዳዳ ካለ ግን ነገሩ ከብዷል። ፒስቶኑን የሚይዘው ቢየላ ታጥፎ እንደሆነ መካኒኩ የፒስቶኖቹን ከፍታ እያስተያየ ያጣራል። ቫልቭ የሚከፍተው ዘንግ እንዳልተሰበረ፣ ቴስታታውም እንዳልተሰነጠቀና እንዳልጎበጠ በማሽን ይረጋገጥ። ጉዳቱ በቫልቮቹ የቆመ ከሆነ የተጎዱት ቫልቮች፣ የቴስታታው ጋስኬት፣ ቤልቱ ከነመወጠሪያው ኩሽኔታና ኦይል ሲሎቹ ተቀይረው ሞተሩ ይድናል። በቤልቱ ላይ ገንዘብ አውጥቶ በኩሽኔታው መቆጠብ የከፋ ኪሳራ ነው። አሮጌው ኩሽኔታ ሲነክስ አዲሱን ቤልት ይበላዋል፤ ዘይት የሚያንጠባጥብ ሲልም ላስቲኩን ያበሰብሰዋል።

ባለቤትዎ ባለበት ልሽጠው ማለታቸው ከሐዘን የመጣ ነው፤ እንረዳቸዋለን። ሆኖም ያልተከፈተ ሞተር የሚገዛ ሰው ዋጋ የሚሰጠው ሁሉም ነገር ተበላሽቷል ብሎ አስቦ ነው። አራት ቫልቭ ብቻ ታጥፎ ቢሆን ትርፉ የገዢው ይሆናል። ስለዚህ መሸጥም ቢያስፈልግ ቴስታታው ወርዶ ከታየ በኋላ ይሁን። ሌላ ሞተር የመግዛቱ ነገር የግድ ከሆነም፣ ያገለገለ ሞተር የራሱ ታሪክ ያልታወቀ ቤልት ይዞ እንደሚመጣ አትዘንጉ፤ ከመግጠም በፊት ቤልቱ ይቀየር። የሞተር ቁጥሩም ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ስለማይገጥም፣ ደረሰኝ ተቀብሎ በመንገድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ማስመዝገብ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ለመሸጥም ሆነ ለዓመታዊ ምርመራ ጣጣ ያመጣል።

ዕቃ ከአዲስ አበባ፣ ለምሳሌ ከሶማሌ ተራ፣ ሲገዛ የሞተሩ ዓይነት በወረቀት ተጽፎ ይሂድ። ቤልቱ ተጣጥፎ ወይም ተጠምዞ የተቀመጠ ከሆነ አይገዛ፤ ላስቲኩ ውስጥ ያለው ክር ይሰበራል። በአውቶቡስ ሲላክም ካርቶኑ ላይ ሌላ ጭነት አይደረግበት። ከጋራዡ ጋር የሥራው ዝርዝርና ዋጋ በጽሑፍ ይሁን፤ የሚወርዱት አሮጌ ዕቃዎች በማዳበሪያ ተደርገው ለእናንተ ይመለሱ። ይህን መጠየቅ መካኒኩን ማማት አይደለም። ዕዳውን በተመለከተ የመክፈያው ቀን ከማለፉ በፊት ዘመዶቻችሁን ሰብስባችሁ የሆነውን ሁሉ ንገሯቸው፤ ለጥገናው ብላችሁ አራጣ እንዳትገቡ። በአራጣ የተጠገነ መኪና የሚሠራው ለአበዳሪው ነው።

የቀረን የጥፋቱ ጥያቄ ነው። የሸጠላችሁ ሰው ዋሽቶ ይሆናል ብለው መጠርጠርዎ አይቀርም። እኛ ግን እስቲ ሒሳቡን እንሥራው አልን። ከቦንጋ እስከ ጅማ 100 ኪሎ ሜትር ነው እንበል፤ ትንሽ ይበልጣል። ደርሶ መልስ 200 ይሆናል። በሳምንት 6 ቀን ቢሠራ 1,200 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። የእነዚህ ቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ቤልት የሚቀየረው በ100,000 ኪሎ ሜትር ነው። 100,000ን ለ1,200 ስናካፍል 83 ሳምንት ይመጣል፤ ይህም 1 ዓመት ከ7 ወር ገደማ ነው። አንዳንድ ቀን ሥራ የለም ብንል 1 ዓመት ከ9 ወር እንበለው። መብራቷ የበራችው ስንት ጊዜ ላይ ነበር? 2 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ከሆነው አደጋ 2 ወር ቀደም ብሎ! እንግዲህ ሻጩ ቤልቱን ማስቀየሩ እውነት ሳይሆን አይቀርም። በከተማ ውስጥ አጭር መንገድ ለሚሠራ ሰው 3 ዓመት ማለቱም የሚያስቅ አልነበረም። የእናንተ ቤልት ግን የሚቆጥረው ዓመት ሳይሆን የጅማን መንገድ ነበር።

ያቺ መብራት በላቲን ፊደል «ቲ-ቤልት» የሚል የተጻፈባት ናት። ሌላ ሥራ የላትም፤ ቆጣሪው 100,000 ሲሞላ የቤልቱ ጊዜ ደርሷል ብላ ለመናገር ብቻ የተሠራች ናት። በብዙ ሚኒባሶች፣ ፒክአፖችና ላንድ ክሩዘሮች ላይ ትገኛለች። አንዳንዱ ሾፌር የሚያስቸግረው ነገር ሳይሰማው መብራት ሲበራበት ይበሳጭና አምፖሏን ይነቅላል። ያገለገለ የናፍጣ ቶዮታ የሚገዛ ቤተሰብ ይህን ይሞክር፤ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ አንድ ደረጃ ሲዞር የማስጠንቀቂያ መብራቶቹ ሁሉ ለአፍታ መብራት አለባቸው። «ቲ-ቤልት» የሚለው ቦታ ጨለማ ከሆነ አምፖሏ ተነቅላለች ወይም ተቃጥላለች፤ ያኔ ሻጩ ምንም ቢል ቤልቱን ከነኩሽኔታው ቀይሮ ሥራ መጀመር ነው። መብራቷ ጨርሶ ለሌላቸው መኪኖች ደግሞ ከመቀየሪያው ኪሎ ሜትር በተጨማሪ የላስቲኩ ዕድሜ ይታሰብ፤ ብዙ ሳይነዳ የቆመ መኪናም ቤልቱ ከዓመታት ብዛት ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል። በካፋ ያለው ረጅም ዝናብና ጭቃም አይረሳ። መካኒኩ ክዳኑን ሳይመልስ ከተወው ወይም ክዳኑ ከተሰበረ ጭቃውም ጠጠሩም በቀጥታ ቤልቱ ላይ ነው የሚገባው።

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ዓ.ም. ተመሥርቶ ቦንጋ መቀመጫው ከሆነች ወዲህ ጉዳይ ያለው ሰው ሁሉ ከየወረዳው ወደ እርሷ ይመጣል። ከጪሪም፣ ከዋቻም የሚመጡት እናቶች የሚሳፈሩት በእነዚሁ መኪኖች ነው። የጤና ጣቢያ ሠራተኞች የሆናችሁ አንባቢዎቻችን፣ አምቡላንስ ስትሳፈሩ ያቺን መብራት ብታዩ ሾፌሩን ከመጠየቅ አትቦዝኑ። «ዝም ብላ ነው የምትበራው» ቢላችሁ፣ መጨረሻ ቤልቱ የተቀየረበትን ኪሎ ሜትር የሚያሳይ መዝገብ እንዳለው ጠይቁት።

እኅታችን፣ እርስዎ መብራቷን አይተው ጠይቀዋል፤ መልስ የተነፈገው ጥያቄዎ ነው። ራስዎን አይውቀሱ። ባለቤትዎንም በቤልቱ ምክንያት ብዙ አይውቀሷቸው፤ በዚያ ዝናብ ውስጥ ነፍሰ ጡር ይዘው ለቆሙ ሰው ከመግፋት በቀር ሌላ የነገራቸው አልነበረም። ስለ አምፖሏ ግን ከረዳቱ ጋር አንድ ቃል ቢነጋገሩ አይከፋም። መኪናው ተጠግኖ ሲወጣ ቤልቱ የተቀየረበትን ቀንና በቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር እርስዎ ራስዎ የቤት ወጪ በሚጽፉበት ደብተር ላይ ይመዝግቡት። የልጆችዎን የክትባት ካርድ የሚያስቀምጡት ሾፌሩ ዘንድ አይደለም፤ ይህም ቁጥር ሚኒባሱ ኪስ ውስጥ ብቻ ሊቀር አይገባም። 83 ሳምንት ሳይሞላ፣ ሰማንያ ገደማ ላይ፣ የቤልቱ ገንዘብ ከዕለት ገቢው ተቀንሶ ለብቻ ይቀመጥ። በሳምንት የሚደርሰው ጥቂት ነው።

ቴስታታው በወረደ ዕለት ከ8ቱ ቫልቮች ስንቱ እንደ ታጠፈና የፒስቶኖቹ አናት እንዴት እንደሆነ ይጻፉልን። መልሱን በዚህ ዓምድ እናወጣዋለን፤ ከሌሎች የሾፌር ሚስቶችም ተመሳሳይ ጥያቄ ደርሶናልና።